የማይቆጣው ቅጽ

ቅጽ አዘጋጇ ከሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቢሮ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች። ደሟ ፈልቷል። ለዓይን ሕክምና በኢንተርኔት ወረፋ የሚያዝበትን አዲስ ቅጽ ዛሬ ጠዋት ነበር ያወጣችው፤ አሁን አንሥተሽ አሮጌውን መልሺ ተባለች። «ሕዝቡን አታቅብጪው» ነው ያላት ዳይሬክተሩ። «ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልመልስም!» እያለች ደረጃውን ስትወርድ ከአጎቷ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች።

አጎቷ በዚሁ ሆስፒታል የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ትንሽ ስርዝ ያለበትን ወረቀት ሳይቀር በመስኮት ይመልሱ ስለነበር «ጋሽ ተመለስ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፋት የሌለበት ሰው ስንቱን ሊያንገላታ እንደሚችል ለማወቅ ግን እሳቸውን ማየት ይበቃል።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

«እንዲያው ሰላም ልበልሽ ብዬ ነው» አሉ። ጥቂት ተግደርድረው ግን አወጡት። የባለቤታቸውን አንድ ዓይን ሞራ ሸፍኖታል፤ የወረፋ ምዝገባው ዛሬ ይዘጋል። ትናንት አሮጌውን ቅጽ በሞሉ ቁጥር «ስህተት አለ» እያለ የጻፉትን ሁሉ አጠፋባቸው። ጋሽ ተመለስን ራሳቸውን መለሳቸው።

«ስልኩን እንዴት አድርገው ጻፉት?»

«እንደምናገረው ነዋ፤ ሁለት ሁለቱን ለያይቼ።»

«አሮጌው ቅጽ በቁጥሮች መካከል ክፍት ቦታ አይወድም። እንደማይወድ ግን አይናገርም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅጽ ጥብቅ መሆን አለበት፣ ልጄ። ሰው ካልተመለሰ አይማርም።»

«ምኑን ነው የሚማረው? ክፍት ቦታውን ማሽኑ ራሱ መዝለል ሲችል እትዬ ለምን ይቀጣሉ? ምን እንደጎደለ የማይነግር ቅጽ ጥብቅ አይደለም ጋሼ፤ ባለጌ ነው!»

ለትልቅ ሰው እንዲህ አይነገርም። እሷም ታውቃለች፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀችም። ወደ ክፍሏ አስገብታ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻቸውና አዲሱን ቅጽ ከፈተችላቸው።

ከስልኩ ሳጥን በላይ ምሳሌ ተጽፏል። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ለያይተው ጻፉ፤ ቅጹም ዝም ብሎ ተቀበላቸው። የትውልድ ዓመቱን ዘለሉት። እዚያው ሥር «የታካሚዋ የትውልድ ዓመት ቀርቷል» የሚል ወጣ እንጂ የቀረውን አልነካባቸውም።

«በእርግጥም አቅብጠሽዋል» አሉ፤ ፊታቸው ግን ፈታ ብሏል።

የትኛው ዓይን ነው ከሚለው ሲደርሱ ሳያመነቱ ግራ የሚለውን መረጡ። ቅጹ ከመላኩ በፊት የሞሉትን ሁሉ አሳይቶ ጠየቃቸው፦ «የሚታከመው በታካሚዋ ግራ እጅ በኩል ያለው ዓይን ነው?»

አጎቷ ባለቤታቸው ከፊታቸው የተቀመጡ ይመስል እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«ቆይ እስቲ... እኔ የማያት ፊት ለፊት ነው። የእኔ ግራ ለእሷ...»

«ቀኝ ነው።»

«ትናንትም ግራ ነበር ያልኩት!»

«አሮጌው ቅጽ ደግሞ ለዚህ አይቆጣም፤ ጉልበቱ ክፍት ቦታ ላይ ነው። ቢቀበልዎት ኖሮ ዓይኑና ወረቀቱ አልገናኝ ይሉና እትዬን በቀጠሯቸው ቀን ይመልሷቸው ነበር።»

አጎቷ አስተካክለው ላኩት፤ ወረፋ መያዙን የሚናገር መልእክት ስልካቸው ላይ ሲደርስ ብድግ አሉና ደረጃውን ተያያዙት።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«አለቃሽ ጋ። ሰው መመለስን ለእሱም ያስተማርኩት እኔ ነኝ!»

ዳይሬክተሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ቁጭ ይበሉ» አላቸው።

«አልቀመጥም። ይህች ልጅ ቅጿን አታነሣም። ምሳሌ የሚያሳይ፣ ስህተትን በቦታው የሚናገር፣ የሰው ድካም የማያጠፋ፣ ሳይልክ በፊት የሚጠይቅ ቅጽ ማቅበጥ አይደለም። በሽተኛው አይንከራተትም፤ እናንተም መስኮት ላይ ጩኸት አትሰሙም፤ ሐኪሙም ትክክለኛውን ዓይን ያገኛል። አሮጌው ይሻላል ካልክ ግን እስቲ አንተው ሙላው!»

ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ አሮጌውን ቅጽ ከፈተ። ስሙን ጻፈ፤ ዕድሜውን ጻፈ፤ ስልኩንም እያነበነበ፣ ሁለት ሁለቱን ለያይቶ ጻፈና ላክ የሚለውን ተጫነ።

ቀይ ጽሑፍ ወጣ። የጻፈው ሁሉ ጠፋ።

«ተመለስ!» አሉት አጎቷ።

አዲሱ ቅጽ እስከ ዛሬ አልተነሣም።