ኸሊሃ እና ገሊሃ

ዓረብ አገር፣ መላዝ በሚባል ሰፈር የምሠራበት ቤት ማዳም ጉልበቷን ያማታል። ለሱ የምታስራት ውኃ መሳይ ነገር የሞላባት የላስቲክ ከረጢት አለች። ውስጧ ያለችውን ትንሽ ብረት ቀጭ ሲያደርጓት ውኃው ወዲያው እንደ ሞራ ነጥቶ ይረጋና ይሞቃል። እሳት የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ! መጀመሪያ ቀን ቢስሚላህ ብዬ ሸሸሁ። ስትበርድ እንደ ድንጋይ ደርቃ ቀረች፤ ማዳም ወረወረችልኝና «ገሊሃ!» አለችኝ። ወላሂ እህቶቼ፣ እኔ የሰማሁት «ኸሊሃ» ነው፤ «ተያት» ማለት። ተውኳት።

በማግስቱ ጉልበቷ ሲነሳባት ከረጢቷ እንደደረቀች ናት። «መክተብ ወስጄ ነው የምመልስሽ!» ብላ፣ ያስቀጠረኝ ቢሮ ማለቷ ነው፣ ቤቱን አናወጠችው። ያስታረቀችን ኬሚስትሪ የምትማረው ልጇ ናት። «ይሄ ከአቸቶና ከሶዳ የሚሠራ ጨው ነው፤ ሲቀቀል ይቀልጣል፣ ብረቷን ስትጫኚ ደግሞ ይረጋና የያዘውን ሙቀት ይለቃል። ‹ገሊሃ› ያለችሽ ‹ቀቅያት› ማለቷ ነው» አለችኝ። በእኔ ጆሮ ሁለቱም ያው ጉሮሮ መጥረግ ናቸው። ከዛሬ ወዲያ ቀቅሎ መገኘት ነው ብዬ ማልኩ።

ከሰዓት ማዳም ከገበያ ገብታ አዲሷን የቆዳ ቦርሳ ሶፋ ላይ ጣል አደረገች። ላነሳላት ስል «ኸሊሃ!» አለችኝ። ያላ፣ ወደ ድስት!

ኋላ ወጥ ቤት ገብታ ቦርሳዋን ተጨማዳ ስታገኛት አንጠልጥላ አሳየችኝ። እኔ ጥፋቱ የቦርሳዋ መስሎኝ፣ «ማዳም፣ በደንብ ቀቅያታለሁ» አልኳት፤ «ከበረደች በኋላ ግን የብረት ቁልፏን ብጫናት ብጫናት አልሞቅ አለች።»