በሳጥኑ ጥርስ የተያዘችው ወረቀት

የተከበራችሁ የስቶድሊ ነዋሪዎች፣ ዶርካስን ከቤተ ክርስቲያን እስከዚህ መቃብር በዝናብ የሸኛችኋት ወዳጆቿ፣ አንቺም ልጇ ኢዲት፣ እንደምን ቆማችኋል? እኔ ዌንደል ጋኖን ነኝ። ታውቁኛላችሁ። ግን ዶርካስ ፊልብሪክ ስም ሳይነገር ምንም እንዳይጀመር አስተምራኛለች።

አርባ አንድ ዓመት የከተማችን ጸሐፊ ነበረች። አርባ አንድ ዓመት በምርጫ ቀን መዝገቡን ዘርግታ፣ ማስመሪያዋን ይዛ፣ "ስምና አድራሻ!"፣ በኋላም "ድምፅ ሰጥቷል!" ስትል ያልሰማ ማን አለ? ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ጊዜ ሊቀልድባት ፈለገ።

"ትናንት የባቄላ እራት ያቀረብሽለት ሰው ነኝ" አላት።

መዝገቡን ገለጠች። "እንዲህ የሚባል ሰው የለም። ቀጣይ!"

ሰውዬው እንደገና ከሰልፉ ጀርባ ተሰለፈ። ሳቃችሁን አትደብቁ፤ እሷም ትስቅ ነበር።

እንግዲህ ወደ ክቡር እንግዳችን ልምጣ። አዎ፣ ከኋላ ጥላ የተያዘላቸው፣ ሚስተር ትሬቨር ላምፕሪ። ይህች ግዛታችን ኒው ሃምሻየር በአገሪቱ ተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ወንበር ብቻ አላት፤ አንዷ ላይ እሳቸው ተቀምጠዋል። በየሁለት ዓመቱ እንደ ጉንፋን ይመጡብናል። ምርጫው ሰባት ሳምንት ሲቀረው ዶርካስ ሞተችና፣ እነሆ መጡ። ዛሬ ጠዋት ረዳታቸው በር ላይ ያዘችኝ። "ክቡርነታቸው ሁለት ደቂቃ ቢናገሩ?" ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው። እኛ እናውቅዎታለን፣ ክቡርነትዎ!

ለመሆኑ ያን ቀን ያስታውሱታል? የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደሩ፣ መራጭ ሊጨብጡ በሩ ላይ የተወጠረውን የመራጮች ገመድ አልፈው ወደ ምርጫው አዳራሽ ገቡ።

"ስምና አድራሻ" አለች ዶርካስ።

"አያውቁኝም እንዴ? በየጥጉ ፎቶዬ ተለጥፎ!"

"አውቅዎታለሁ። የእኛ መራጭ ግን አይደሉም። ከገመዱ ወዲያ ይቁሙልኝ።"

ወጡ። በረዶው ውስጥ ቆሙ። ቂሙ የተጀመረው ያኔ ነው።

የድሮውን የእንጨት ሳጥን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወረቀቱን ታጎርሱታላችሁ፣ እጀታውን ታዞራላችሁ፣ ቃጭሉ ይጮኻል፣ ወረቀቱ በውስጥ ጥርሶቹ ተስቦ ይወርዳል። ያን ቀን ሰው ሁሉ በረዶ የነካው ኮት ለብሶ፣ ወረቀቱ ረጥቦ ነበር። ስንቆጥር በመዝገቡ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ሰው፣ በእጃችን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወረቀት። ሦስቴ ቆጠርን። አንዷ የለችም።

ለከተማው የተነገረው ዶርካስ ሳጥኑን ሳትፈትሽ ቀረች የሚል ነው። አይደል? እንዲህ አይደል የሰማችሁት?

ውሸት ነው።

ዶርካስ "ሳጥኑን እንፍታው" ብላ ነበር። የምርጫው ሰብሳቢ ግን ርቦታል፣ ደክሞታል። "አንዱ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ሄዷል፤ ፈርሙና እንሂድ" አለ። ያ ሰብሳቢ ማን ነበር? እኔ ነኝ። ይኸው የቆመው።

በማግስቱ ብቻዋን ሳጥኑን ፈታችው። ወረቀቷ በጥርሶቹ መካከል ተጨማዳ ተገኘች። ማንም አላያትም። ምድጃው አጠገቧ ይነድ ነበር፤ ብትከታት ማን ያውቅ ነበር? ወረቀቷን በፖስታ አሽጋ፣ ሁለት ሰዓት ነድታ፣ ዋናው ከተማ ላለው የግዛቱ ምርጫ ቢሮ ወስዳ አስረከበች።

ሚስተር ላምፕሪ በጠቅላላው ቆጠራ በዘጠና ድምፅ ተበልጠው ነበር። ከተማችን ደግሞ አብዛኛውን ድምፅ ለተፎካካሪያቸው ሰጥታለች። የኛ ድምፅ በሙሉ ቢጣል ያሸንፉ ነበር። ጠበቆቻቸው "ይህ ከተማ መቁጠር አይችልም፣ ሁሉም ይሰረዝ" አሉ። እሳቸውም በካሜራ ፊት "ዓይኗ የፈዘዘ አሮጊት" አሏት። ፖስታው ሲከፈት፣ ክቡርነትዎ፣ ያቺ የተጨማደደች ድምፅ ለማን ነበረች? ለእርስዎ! ዶርካስ ያዳነችው የእርስዎን ድምፅ ነው። አመሰገኗት? አንድ ቀን?

በችሎቱ እውነቱን ልናገር ብዬ ተነስቼ ነበር። እጄን ያዘችኝ። "ዌንደል፣ አፍህን ዝጋ። ቆጠራውን የሚያጸድቀው ሰብሳቢ አጠፋ ከተባለ ቆጠራው ሁሉ ይወድቃል። ጸሐፊዋ ተሳሳተች ከተባለ ግን የምትወድቀው ጸሐፊዋ ብቻ ናት።"

ድምፃችሁ ተረፈ፤ ክቡርነታቸውም ወንበሩን ያገኙት በኋላ በሌላ ምርጫ ነው። እሷ በመጋቢት ሥራዋን ለቀቀች። በገበያ ሲንሾካሾኩባት ሰማሁ። ጉዳዩ ተዘግቶ፣ ከገዛ ሃፍረቴ በቀር የምፈራው ምንም ሳይኖር፣ ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩ። እሳቸውን ንቄአቸዋለሁ፤ ግን እሳቸው ባላንጣዋ ነበሩ። ጓደኛዋ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ንቀታችሁን ስታካፍሉ የእኔን ድርሻ አታሳንሱት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህኛው እሷ ሳታየው ጠራ። ኢዲት፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። እናትሽ አልሳሳተችም፤ ይህን ብቻ ያዢልኝ።

ሚስተር ላምፕሪ፣ መናገር አይችሉም። እዚህ መዝገብ ላይ የሉም። ከገመዱ ወዲያ ይቁሙልኝ።

አሁን፣ ጎረቤቶቼ፣ እንደ ምርጫው ቀን ባርኔጣችሁን አውልቁ። እንደ ወጉ ልጥራት።

ስም? ዶርካስ ፊልብሪክ። አድራሻ? ወፍጮ መንገድ፣ ቁጥር አሥራ አራት። እስካረፈችበት ማክሰኞ ድረስ።

ዶርካስ ፊልብሪክ ድምፅ ሰጥታለች። ተቆጥሯል። በሰላም እለፊ፣ የእኔ እህት።