ዓሦቹ ጾም የያዙ ጊዜ

በእኛ ጊዜማ ዓሣ ከሐይቅ ይመጣል እንጂ እንጦጦ ላይ ይረባል ያለ ሰው ቢኖር ጸበል ውሰዱት ይባል ነበር። ተቀመጡ እስቲ፣ ሰናይት፣ አንቺም ባለቤትሽም፤ ዓሣው እስኪደርስ ላጫውታችሁ። ባለቤቴ አስካለ ውስጥ ድስቷን ጥዳለች፤ እሷ ሳትፈቅድ ከዚህ ግቢ ዓሣ አይወጣም። ለምን እንደሆነ ነው የምነግራችሁ።

ጡረታ ስወጣ ይቺን ከባሕር ዛፉ ሥር የምታዩአትን ኩሬ ቆፈርኩ፣ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ ጨመርኩባት፣ እና ዓሦቹ ወፈሩ፣ እኔም ደስ አለኝ። ታዲያ የመጀመሪያውን ጉርድ ሾላ ዓሣ ቤት ላላት ለሮማን ላክሁላት። በማግስቱ ደወለች። “ጋሽ ተፈራ፣ ምን አብልተው ነው ያሳደጉት? አፈር አፈር ይላል እኮ! ሰዉ አንዴ እየጎረሰ ሳህኑን ገፋው!” አፍንጫዋን ይዛ ነበር መሰለኝ የምታወራው፣ በስልክም ያስታውቃል። “ለፍልሰታ አንድ ጊዜ እሞክርዎታለሁ፤ ያኔም አፈር ካለ ግን ተለያየን።”

ከሮማን ሌላ ገዢ የለንም። ልጆቻችን ደግሞ “ኩሬውን ድፈኑትና ወርዳችሁ ከእኛ ጋር ኮንዶሚኒየም ኑሩ” እያሉ ነው። እኔ እዚህ ተራራ ላይ ነው ያረጀሁት፤ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የሰው ጣሪያ እያየሁ መሞት ፈራሁ፣ እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

ታዲያ አንዲት የዓሣ ባለሙያ መጥታ አየችልኝ። “ሽታውን የሚሰጠው ይሄ አረንጓዴ ውሃ ነው፤ ሥጋቸው ውስጥ ገብቷል፣ በሎሚ ቢያጥቡት አይለቅም። ንጹሕ የሚፈስ ውሃ ውስጥ ሳምንት ያኑሯቸው፣ ምግብ የሚባል ግን እንዳይሰጧቸው፤ ራሳቸው ያወጡታል” አለችኝ።

“እንግዲህ እነሱም ፍልሰታን ሊጾሙ ነው” አልኳት ለአስካለ። አልሳቀችም። “እኔ የምጾመው ወድጄ ነው፤ እነሱን ማን ጠየቃቸው?” አለች።

የሲሚንቶ ገንዳ ነበረችኝ፤ ፈግፍጌ አጠብኳት፣ ከምንጩ በጎማ ውሃ ለቀቅሁባት፣ ዓሦቹን አዛወርኩባት፤ ውሃው በወዲያ በኩል እየወጣ ጎመኑን ያጠጣል። ምን ልበላችሁ፣ ኩሬ ውስጥ እያሉ ጀርባቸውን እንኳ አይቼ አላውቅም፣ ያን ቀን እያንዳንዷን ቅርፊት አየኋት። ዝም ብለው ውሃው ውስጥ ይቆማሉ። ነሐሴ ነው፣ ጉሙ ከላይ ከፓርኩ ይወርድና ዛፉን ይውጠዋል፣ ገንዳውን ይውጠዋል፣ እኔንም ይውጠኛል፣ እና የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው፣ ሽርርር… ሽርርር… ሰኞ ይሁን ሐሙስ ጠፋብኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ ዓሣ እጠብቃለሁ እላለሁ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አንድ ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ዓይኔን ገለጥ ባደርግ፣ በጉሙ ውስጥ አንዲት ነጭ የለበሰች መጣች። እግሯ አይሰማም። ገንዳው ላይ ጎንበስ አለች፣ እጇን ዘረጋች፣ ዓሦቹ ሁሉ ወደ እሷ ወጡ። ልነሳ ብል አቃተኝ፤ ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ! “ተባረከልን” ብዬ መልሼ ተኛሁ። ማታ ለአስካለ “መልአክ አየሁ” ስላት፣ “እግዚአብሔር ያውቃል” ብላ ፊቷን አዞረች።

ሳምንቱ ሞላ። የእኔ አፍንጫ እንደሆነ አንድ ክፉ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ሽታ አይለይም። አስካለ ደግሞ በፍልሰታ ዓሣ አትቀምስም። “መቅመስ እንጂ ማሽተት አያስገድፍም” አለችና አንዱን ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ቀቀለችው። ክዳኑን ከፈተች፣ እንፋሎቱን ሳበች። “እሺ?” አልኳት። ክዳኑን መልሳ ከደነች። “አንቺ ሴትዮ!”

“አፈር ነው” አለች።

“እንዴት ይሆናል? ተባርኮልን የለም እንዴ?”

ድስቱን አወረደችና አለቀሰች። “ያየኸው መልአክ እኔ ነኝ። ከቅዳሴ ስመለስ በየቀኑ ከዳቦዬ ፍርፋሪ እሰጣቸው ነበር። አፋቸውን ከፈት ከፈት እያደረጉ ሲያዩኝ አላስችል አለኝ።” ወጥቼ የገንዳዋን ሥር ብዳስሰው፣ የተረፈው ፍርፋሪ በስብሶ ያው አረንጓዴ ነገር ያሙለጨልጫል።

ተቆጣሁ፣ አልዋሻችሁም። “ቤታችንን በፍርፋሪ ሸጥሽው!” አልኳት። በኋላ ሳስበው ግን፣ እኔ አፍንጫ የለኝም፤ “ጠርቷል” ብትለኝ በምን አውቅባት ነበር? አላለችም። እየፈራች እውነቱን ነገረችኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ አዲስ ወደድኳት።

ለሮማን ራሷ ደወለች። “ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሌላ ሳምንት ስጪን።”

“ውይ እትዬ፣ ያኔማ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ነው የሚቀረው!”

“ሁለቱን ቀን ይብሉልሽ።”

ታዲያ ገንዳዋን እንደገና ፈገፈግን፣ እና አሁን ከቅዳሴ ስትመለስ ከጎኔ ትቀመጣለች። “እጄን ያዝልኝ፣ ይሄ እጅ አይታመንም” ትለኛለች፤ እይዝላታለሁ። እንዲህ ተያይዘን ጉሙ ውስጥ ዓሣ ስናይ፣ ስናንቀላፋ፣ ደግሞ ስናይ ሳምንቱ አለፈ። ባያልፍ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ቀቀለች፣ ከፈተች፣ ሳበች። “ምንም አይልም” አለች፣ ደግማ ሳበች፣ “ምንም!” ዓሣውን ላክንላት፤ ሮማን ማታውኑ ደወለች፦ “ጋሼ፣ ሰዉ አጥንቱን ብቻ ነው የመለሰልኝ!” ይኸው፣ ኩሬዋም አለች፣ እኛም አለን።

ጋሽ ተፈራ ይህን ሲሉ እትዬ አስካለ ከውስጥ ተጣሩ። “አንተ ሰውዬ! የእንግዶቹን አሸተትኩት፤ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል!”

“እንዴ! ይህን ሁሉ ዳገት ወጥተው በባዶ እጅ ልሸኛቸው?”

“ሸኛቸው። አፈር አላበላም።”

ሰናይት ሳቋን መያዝ አቃታት። “ይተዉ ጋሼ” አለቻቸው፣ “እኛም ከዓሦቹ ጋር ሁለት ቀን እንጾማለን። ብቻ እትዬ ፍርፋሪ እንዳይሰጡ እጃቸውን ይያዙልን።”