አያት ዝም ስትል

ዶን ኤሊዮዶሮ ከከተማ ሲሚንቶ ጭኖ ሲመለስ፣ አውቶብስ ተበላሽቶባት ድልድዩ አጠገብ የቆመችውን ልጅ መጀመሪያ አላወቃትም። የበሬ ጋሪውን እየነዳ ሊያልፋት ሲል፣ «አባባ፣ የክርስትና ልጅዎን ጥለው ሊሄዱ ነው?» ብላ ተጣራች። ኖኤሚ ነበረች፤ የአበልጁ የካሲልዳ ልጅ። በዋናው ከተማ ስለ ምድር ውስጥ ውሃና እንፋሎት ስትማር ቆይታ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወደ መንደሯ ወደ ሳንታ ሉጋርዳ መመለሷ ነው።

«ወይ ጉድ! ትምህርት ሰው ያከሳል ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር» አለ ሽማግሌው። «በይ ውጪ። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጪ፤ ቀሚስሽ ቢቆሽሽ ግን እኔ አላጥብልሽም።»

«ሲሚንቶው ለምንድን ነው አባባ?»

«ለአያት ነዋ። ጎኗ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ቀርተዋል፤ እነሱን ልደፍን ነው።»

ልጅቱ ፈገግታዋ ጠፋ።

አያት የሚሏት ከመንደሩ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለችውን እንፋሎት የምትተፋ የመሬት ቀዳዳ ናት። ከጥንት ጀምሮ ሌት ተቀን ስታጉረመርም የኖረች ናት። ከሥሯ የሚወርደው ለብ ያለ ቦይ የመንደሩ ሴቶች ልብስ ማጠቢያ ነው። ባለፈው ዓመት ዶን ኤሊዮዶሮ አፏን በሲሚንቶ ገጠመና ቧንቧ ተከለባት፤ እንፋሎቷንም ስቦ ቡና ማድረቂያ ውስጥ አስገባው። ሥራው የሚናቅ አልነበረም። በዚያ አገር ቡና በተለቀመ ማግሥት ጭጋጉ ይወርዳል፤ የሰው የዓመት ልፋት በተሰጣበት ሻግቶ ይቀር ነበር። ከማድረቂያው ወዲህ ግን የሻገተበት ሰው የለም። ስለዚህም ሽማግሌው በመንደሩ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ብድግ ይልለት ጀምሮ ነበር፤ እሱም ይህን አልጠላውም።

«አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች ኖኤሚ ጋሪው ጥቂት ከሄደ በኋላ። «ድስት ሲፈላ ክዳኑን በድንጋይ ይጫኑታል?»

«ብጫነው ባቄላው ቶሎ ይበስልልኛል።»

«ቀልዱን ይተዉትና።»

«ገብቶኛል። ክዳኑ ይፈነዳል ልትዪኝ ነው። ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው፤ ንቅንቅ አላለም። የእኔ ሲሚንቶ አለት ነው።»

«እኔ የምፈራው ለክዳኑ አይደለም አባባ። ለድስቱ ነው። ድስቱ ሸክላ ነው።»

ሽማግሌው በሬዎቹን በከንቱ ቸብ አደረጋቸው። 

«እናቴ በስልክ ስታወራኝ ነው የደነገጥኩት» አለች ልጅቱ። «ቦዩ አጠገብ ያለው የዘይቱን ዛፍ ዝናብ እያለ ከሥሩ ደረቀ አለችኝ። ውሃውም እጅ የሚፈጅ ሆነ አለችኝ፤ ያውም ደስ ብሏት።»

«ለምን ደስ አይላት? ሳሙና ተረፈልን ብለው ሴቶቹ ሁሉ መርቀውኛል።»

«እንፋሎቱ በላይ መውጫ ስላጣ በታች እየሄደ እኮ ነው። እነሱ የሚመርቁዎት እግራቸው ሥር ለሚሰበሰበው እሳት ነው።»

«ስሚኝ ልጄ» አለ ዶን ኤሊዮዶሮ፣ አሁን ድምፁ ትንሽ ሻክሮ። «እናቶቻችን አያት ትቆጣለች ብለው ሲፈሩ ኋላ ቀር አላችኋቸው። እኔ ደፍሬ ብነካት ደግሞ ግድ የለሽ ትዪኛለሽ። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች፣ የቱ ይሻላችኋል?»

«ይንኳት። አትንኳት ያለ የለም። ግን ትንፋሿን ይተዉላት። እኩሌታውን ይውሰዱ፣ እኩሌታው ይውጣ።»

«እኩሌታው ቡና አያደርቅም።»

«ቀስ ብሎ ያደርቃል።»

«ቀስ ማለት ሻጋታ ማለት ነው። አንቺ ከደብተርሽ ጋር ነው የምትኖሪው፤ ጎረቤታችን ፊደሊኖ ግን ያን ሁሉ ልጅ የሚያሳድገው በቡና ነው።»

ይህን መልስ መናቅ የድሃ ቡና ሲሻግት አለማየትን ይጠይቃል። ኖኤሚ አይታለች፤ ስለዚህ አልናቀችውም። ተዳፋቱ ጋ ሲደርሱ ግን ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«በሬዎቹን ያቁሙልኝና ይስሙ።»

«ምኑን?»

«አያትን።»

አቆመ። የጋሪው እግር መንቋረሩን ሲተው የወፍና የቅጠል ድምፅ ብቻ ቀረ። «ምንም አይሰማም» አለ፣ እየኮራ። «ገራኋት እኮ ነው የምልሽ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ?»

«እናትዎ እዚህ ቦይ ላይ ሲያጥቡ ምን ይሉ ነበር?»

ዶን ኤሊዮዶሮ የእናቱ ቃል ትዝ አለው። «አያት ስታጉረመርም እጠቢ፤ አያት ዝም ስትል ሽሺ።» የሳንታ ሉጋርዳ ሴት ልጅ ሁሉ ሳሙና መያዝ ስትጀምር ይህን አብራ ትማራለች። ወንዶቹ ልብስ ስለማያጥቡ አባባሉን በጆሯቸው እንጂ በእጃቸው አያውቁትም ነበር። እሱም ቢሆን የሰማው እናቱን ተከትሎ ቦይ በሚወርድበት ዕድሜ ነው።

«አያት ተቆጥታ ነው ዝም የምትለው የሚለውን እኔ አላምንም» አለች ኖኤሚ። «መሸሻቸውን ግን አምናለሁ። ዝም ካለች አፏን ጭቃ ደፍኖታል ማለት ነው፤ የታፈነው ደግሞ ሌላ መውጫ መፈለጉ አይቀርም። ምክንያቱን ቢስቱትም ነገሩን አልሳቱትም። እርስዎ ግን ያን እነሱ የሚፈሩትን ዝምታ በገዛ እጅዎ ሠሩትና ተገራች አሉ።»

ሽማግሌው ከጋሪው ወረደ። ጎንበስ ብሎ መዳፉን መሬቱ ላይ አሳረፈ። መሬቱ እንደታመመ ሕፃን ግንባር ይሞቅ ነበር። 

«እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬውኑ ይክፈቱት።»

«የመንደሩ ቡና ሁሉ እርጥቡን ማድረቂያ ውስጥ ተኝቷል። ዛሬ ብከፍተው ይበላሻል። ለቅዳሜ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ በገዛ እጄ እከፍተዋለሁ።»

«እስከ ቅዳሜ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ የታገሠች እስከ ቅዳሜ አትታገሥም?»

ሰው እውነት ከገባው በኋላ የሚጠፋው በዚህች በ«እስከ ቅዳሜ» ነው። ያልገባውስ አለማወቁ ይከራከርለታል።

ኖኤሚ ሻንጣዋን ሳትፈታ፣ ወደ ቦዩ አትውረዱ እያለች በየቤቱ ዞረች። ገሚሶቹ ሳቁባት፤ ገሚሶቹ የእናቶቻቸውን ቃል አስታውሰው ፊታቸው ተለወጠ። በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት ግን፣ የሳቁትም ያልሳቁትም ልብሳቸውን ይዘው እቤታቸው ቀሩ። ያልቀረችው የገዛ እናቷ ብቻ ነበረች።

ካሲልዳ የሰው አንሶላ በጥቅል ተሸክማ ማድረቂያው በር ላይ ቆመች። ውስጥ ዶን ኤሊዮዶሮ ቡናውን ያገላብጣል፤ ፊደሊኖም የራሱን ድርሻ ሊያይ መጥቶ አጠገቡ ቆሟል።

«አበልጄ» አለች፣ «ያቺ ልጅህ መንደሩን አሸበረችው። ልብስ አትጠቡ ትላለች። እኔ ያስተማርኳት ልብስ እያጠብኩ፣ እሷ ተምራ የመጣችው ልብስ አትጠቢ ልትለኝ! እስቲ አንተ ንገረኝ፤ ልጠብ ወይስ ልመለስ?»

ተመለሺ የሚለው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ተመለሺ ቢላት ፊደሊኖ ለምን ማለቱ አይቀርም። ለምኑን ከሰማ ቡናዬን አውጣልኝ ይላል፣ እሱን ሰምቶ ሌላው ይመጣል፣ እስከ ምሽት መንደሩ በሙሉ ማድረቂያው በር ላይ ይቆማል። ያ ብድግ የሚልለት ሰው ሁሉ።

«እስከ ቅዳሜ ምንም አትልም» አላት። «እጠቢ።»

ወጥቶ እንኳ አላዳመጠም።

«ያንተ ቃል ይበቃኛል» አለችና ጥቅሏን አስተካክላ ወደ ቦዩ ወረደች።

ቆይቶ የተሰማው ድምፅ ያን ያህል ትልቅ አልነበረም። ማድረቂያው ውስጥ የነበሩት የሆነ ሰው ጆንያ የጣለ ነበር የመሰላቸው። ሲወጡ ግን ቦዩ የነበረበት ቦታ የለም፤ የፈላ ጭቃና ነጭ ጭስ ብቻ ነበር፤ አንሶላዎቹም የቡና ዛፎች ላይ ተንጠልጥለዋል። ካሲልዳን ከታች አገኟት። ኖኤሚ ከላይ ሰፈር እየሮጠች ስትደርስ ልጅ እናቷን በዚያ መልክ እንዳታያት ብለው ሴቶቹ ከዛፉ ላይ አንድ አንሶላ አውርደው ሸፍነዋት ነበር። አንሶላው ንጹሕ ነበር፤ አጥባው ነበር።

ኖኤሚ አልጮኸችም። ዶን ኤሊዮዶሮን አየችና «እርስዎን ጠይቃ ነው የወረደችው?» አለችው። እሱም «አዎ» አላት። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት አላነጋገረችውም።

ለካሲልዳ ነፍስ የተደረገው የዘጠኙ ቀን ጸሎት እንዳበቃ ፊደሊኖና ሌሎች ወንዶች ሽማግሌውን ሊያጽናኑ መጡ። ደጁ ላይ ነበር ያገኙት፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ።

«የእግዜር ሥራ ነው» አለ ፊደሊኖ። «ራስህን አትጉዳ። የመሬትን ነገር ማን ያውቃል?»

«እግዜርን ለምን ትጠራዋለህ? እሱ ቀዳዳ ሠራ። የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

«እሱስ ይሁን» አለ ፊደሊኖ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። «ግን ወጥተን አየነው፤ ሲሚንቶህ አልተሰነጠቀም። ቧንቧውም ደህና ነው። የፈነዳው ታች ነው። የመጨረሻው ለቀማ ደግሞ ቤታችን እየሸተተ ነው። ማድረቂያውን ብናስነሳው ምናለበት ብለን ነው የመጣነው፤ አይክፋህ።»

ዶን ኤሊዮዶሮ ብድግ ብሎ ወደ አያት ይወጣ ጀመር፤ እነሱም ተከተሉት። እውነትም ክዳኑ ጫፉ እንኳ አልተነካም። እየዞረ አየው።

«ኖኤሚ፣ የምፈራው ለክዳኑ አይደለም፣ ለድስቱ ነው ብላኝ ነበር» አለ። «እኔ ክዳኑን ስጠብቅ ኖርኩ። ፊደሊኖ፣ ካሲልዳ ልጠብ ወይስ ልመለስ ብላ ስትጠይቀኝ ቆመህ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አደጋ እንዳለ አውቅ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ገብቶኝ፣ እውነትሽን ነው ብዬ ለኖኤሚ አምኜላት ነበር። አንተ ቆመህ ስለነበር አፈርኩና እጠቢ አልኳት። ገደልኳት።»

ቧንቧው አጠገብ የነበረውን መዶሻ አንሥቶ ክዳኑን ሊሰብር ተጠጋ። ፊደሊኖ ግን የሰባት ልጆች አባት ነውና እንዲህ በቀላሉ አልተረታም። «እሺ፤ እንክፈተው። ቡናውስ? ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«ከቡናው ይሻግታል፤ አልዋሽህም። ዘንድሮ ትራባለህ፣ እኔም እራባለሁ። ግን ንገረኝ፤ ቦዩ ሲጠገን ሚስትህ የት ነው የምታጥበው?»

ፊደሊኖ ወደ ታች፣ ወደ ተቃጠለው የቡና ዛፍ ተመለከተ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን መዶሻ ሲያሳርፍ ቆሞ አየው። ሁለተኛውን ሲያሳርፍ እጀታውን ተቀበለው፤ «አንተ ደክመሃል፣ አምጣ» ብሎ። ክዳኑ የተሰበረው ከሰዓት በኋላ ነው። አያት መጀመሪያ ጭቃ ተፋች፣ ቀጥሎ ነጭ እንፋሎት፤ አመሻሹ ላይ ማጉረምረም ጀመረች። አንዳንዶቹ ወንዶች ሲሰሙት አለቀሱ።

ዛሬ በሳንታ ሉጋርዳ ማድረቂያው ይሠራል። ኖኤሚ የአሠራሩን ሥዕል ሠርታ በፊደሊኖ እጅ ለሽማግሌው ልካለት ነው። አያት አፏ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ቧንቧው የሚወስደው የተረፋትን ብቻ ነው። ቡናው ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መልቀሙን ትቶ በየተራ ይለቅማል። የመጀመሪያው ዓመት ከፍቶ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ የሚሻግት ጠፋ። ማጠቢያው ወደ ላይ፣ ከአያት ራቅ ወዳለና ድምጿ ወደሚሰማበት ስፍራ ተዛውሯል። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ሳሙናም ይፈጃል፤ የሚያማርር ግን የለም። ያንን የእናቶች አባባል አሁን ወንዶች ልጆችም በትምህርት ቤት ይማሩታል፣ ምክንያቱንም ጭምር። የተፈጥሮን ጉልበት ለሥራ ማዋል ነውር የለበትም፤ በየመንደሩ እሳትና ውሃ የሚያሠራ ሰው ይህን ሰምቶ እጁን እንዲያጥፍ አይደለም የምናወራው። መውጫዋን ይተውላት፣ ያወቀውንም ለቅዳሜ አያሳድር ለማለት ነው። ካሲልዳን ግን ይህ ሁሉ አልመለሳትም።

ዶን ኤሊዮዶሮ ጠዋት ጠዋት ማጠቢያው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አያትን ያዳምጣል። ሹመኛ ያደረገው የለም፤ ሴቶቹም ተነሥ አላሉትም።

አንድ ቀን ኖኤሚ የእናቷን ሳፋ ይዛ መጣች። ከሽማግሌው ፊት ቆመች። 

«አባባ» አለችው፣ «ልጠብ ወይስ ልመለስ?»

 ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወደ ተዳፋቱ ዞሮ ረጅም ጊዜ ቆመ። ነፋስ ሲነሣ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ አለፈ፤ እንደገና አዳመጠ።

«ታጉረመርማለች» አለ። «እጠቢ ልጄ።»

ኖኤሚ ተንበርክካ ሳሙናዋን አነሣች። እሱ ግን ባርኔጣውን ሳይመልስ፣ አጥባ እስክትጨርስ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆየ።