መርከቡ የመለሳቸው እናት

ከጎንደር ወደ አስመራ በሚሄደው አውቶቡስ፣ ከፊቴ አንዲት አሮጊትና አንድ ቄስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ወዴት ነው መንገዱ፣ እናቴ?» አሉ ቄሱ።

«ወደ ምጽዋ፣ ከዚያም በመርከብ ኢየሩሳሌምን ልሳለም። አምናም ሄጄ ነበር፤ መርከቡ መለሰኝ።»

«ምነው?»

«ስዌዝ ልንደርስ ስንል ካፒቴኑ ‹ወደቡ ላይ በሽታ ገብቷል፣ እንመለሳለን› አለ። ምጽዋ ስንደርስ ‹ውረዱ› አሉን። እኔ አልወርድም አልሁ።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«‹የመርከቡ ደንብ ነው› አሉኝ። ‹ስለቴ ለምጽዋ አይደለም› ብዬ የመርከቡን ብረት አቅፌ ተቀመጥሁ። መርከበኞቹ ተሸክመው አወረዱኝ።»

«እግዜር ሐሳብዎን አይቷል። ካሁን በኋላ ደብርዎን ቢሳለሙ ይበቃል።»

«የኛም አገር ቄስ እንዲሁ ብለውኛል። ጎረቤቶቼማ ‹ሄዳለች› ብለው ‹ኢየሩሳሌም› እያሉ ሊጠሩኝ ነበር። ሳልደርስማ በዚህ ስም አትጥሩኝ ብዬ ከለከልኋቸው።»

«ዘንድሮም ቢመልስዎስ?»

«ለከርሞ እሄዳለኋ!»

«አቅምዎም እኮ ደክሟል፣ እናቴ።»

«አባቴ፣ የተሳልሁት ለልጄ ነው። እግዜር ልጄን ከጦርነት ሲያመጣልኝ እደጄ ድረስ ነው ያደረሰልኝ፤ ደክሞኛል ብሎ መንገድ ላይ አልተወውም።»



አምባ ጊዮርጊስ መውረጃዬ ነበር፤ ሾፌሩ ሲያቆም ግን ቶሎ አልተነሳሁም።