«ቤቶች» የማይል ፕሮግራም

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ኪቦርድ ታቅፏል። አጠገቡ የተቀመጠችው የማታውቀው ሴት አላስቻላትም።

«ወንድሜ፣ ምን ሆኖብህ ነው?»

«ጠበል ጠጥቶ።»

«ምን?»

«እንጅባራ ሆኜ ዳንግላ ያለውን የአባቴን ኮምፒውተር የማስተካክልበት ፕሮግራም ጭኜለት ነበር። በየጊዜው ‹ፍቀድ የሚለውን ተጫን› እያልሁ መለማመጥ ሰለቸኝና ሳያስፈቅድ የሚገባውን መረጥሁ።»

«እሺ?»

«አባቴ የማውሷ ቀስት ስክሪኑ ላይ ብቻዋን ስትሄድ አየና ጠበል ረጨባት።»

«ደግ አደረጉ! ሰው ቤት ስትገባ ‹ቤቶች› አትልም እንዴ?»

«የአባቴ ቤት እኮ ነው!»

«ቢሆንስ? ምን እየሠሩ ነበር?»

«ደብዳቤ እየጻፈ። ለአንዲት ሴትዮ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው።»

«አነበብኸው?»

«ሁለት መስመር ብቻ።»

«አንተ ሌባ! ዛሬውኑ የሚያስፈቅደውን ጫንላቸው።»

«እሱስ ቀላል ነው። ግን ኪቦርዱ ከተሠራ ደብዳቤውን ይጨርሳል።»

«ታዲያ ልታሠራው ነው ልትጥለው?»

«ከዳንግላ ጀምሮ የማስበው እሱኑ ነው።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ቀረሁ።