ቀረሮው ላይ የተቸነከረው ሰሌዳ

ከፋ ውስጥ፣ ጫካው ጫፍ ላይ ባለ የእንሰት ጓሮ፤ ወይዘሮ ድንቅነሽ እንሰት እየፋቀች ሳለ የባሏ የእህት ልጅ ማስረሻ፣ የአራት ቀን የጫካ ጉዞ የሚመራቸውን ስምንት ፈረንጆች ወንዝ ዳር ምሳ ላይ ትቶ በሩጫ ቀድሟቸው ደርሷል።

ማስረሻ፦ አንድ ቀን ብቻ ነው ያልኩሽ እትዬ፤ አንድ ቀን! ዛሬን ጎረቤታችሁ ወዳጆ ቤት ይዋል፣ እዚያው ይደር። ነገ ረፋድ ላይ ሰዎቼን ይዤ ስወጣ እሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ድንቅነሽ፦ ማነው የሚመለሰው?

ማስረሻ፦ ጋሼ አድማሱ ነዋ!

ድንቅነሽ፦ እሱማ ሞቷል። ከዛፍ ወድቆ። አንተ አይደለህ እንዴ የቀበርከው?

ማስረሻ፦ ማን ነገረሽ?

ድንቅነሽ፦ ሰሌዳህ! ቀረሮው ግንድ ላይ የቸነከርከው ሰሌዳ። በፈረንጅ አፍ ስለጻፍከው የሚያነበው የሚጠፋ መሰለህ? መምህር ታከለ ቅጠል ሊለቅም ገብቶ አነበበው። «ማር ቆራጩ አድማሱ ጋዎ ከዚህ ዛፍ ወድቆ ሞተ» ይላል አሉ። ምስኪን ታከለ ወገቡን ይዞ እያለቀሰ መጣ። በሩን ማን ቢከፍትለት ጥሩ ነው? ሟቹ! የበቆሎ እሸቱን እየጋጠ!

ማስረሻ፦ እሺ፣ ሰሌዳውን አወርደዋለሁ። በዚህ ሳምንት አወርደዋለሁ። አሁን ግን ሰዎቹ ምሳቸውን እየጨረሱ ነው፤ እዚህ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላቸውም።

ድንቅነሽ፦ ይምጡ! ደጄን መቼ ዘጋሁባቸው? እንሰቱን ይዩ፣ ኮረሪማውን ያሽትቱ፣ እንደ ልማዳቸው ፍየሏን ፎቶ ያንሱ። ባሌን ግን እንደ ሌባ ዕቃ ጎረቤት ወስጄ አልደብቅም።

ማስረሻ፦ ነገሩ እንዲህ ሊሆን ብዬ አይደለም እኮ።

ድንቅነሽ፦ እንዴት ሊሆን ብለህ ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ቁጭ በልና ንገረኝ። ኧረ አትቀመጥ! ቆመህ ንገረኝ!

ማስረሻ፦ የመጀመሪያዎቹ ሲመጡ አንቺ ከል ለብሰሽ ነበር።

ድንቅነሽ፦ ለእናቴ ነዋ!

ማስረሻ፦ አውቃለሁ። አንዷ «ይቺ ሴትዮ ማን ሞቶባት ነው ጥቁር የለበሰችው?» አለችኝ። እናቷ ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ የወረደባቸው፣ ጉንዳን የበላቸው ሰዎች ናቸው። አኩርፈውኛል። አንዱም ቀና ብሎ አያየኝም። ብቻ «ባሏ» አልኩ። «ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ወደቀ» አልኩ። ሁሉም ባርኔጣቸውን አወለቁ እትዬ! ያ ሁሉ ኩርፊያ በአንዴ ብን አለ።

ድንቅነሽ፦ እና የእናቴን ከል ወስደህ ለባሌ አደረግከው! እናቴስ ምን አነሳት? ቢያለቅሱላት የማይበቃት ሴት ነበረች!

ማስረሻ፦ በዘጠና ዓመቷ ለሞተች ሴት ባርኔጣ የሚያወልቅ ማን አለ?

ድንቅነሽ፦ አፍህን ያዝ!

ማስረሻ፦ ይዣለሁ። ብቻ እነሱ ለሌሎቹ አወሩ፣ እነዚያም ለሌሎች። የሚመጣው ሁሉ «ባሏ የሞተባት ሴት እርሻ ውሰደን» ይለኝ ጀመር። ቀጥሎ ደግሞ «የወደቀበትን ዛፍ አሳየን» መጣ። ምን ልበላቸው? ከሙታን ተነሳ ልበል? ጋሼ እንደሆነ ሰው ሲበዛ አይወድም፤ እኛ በመጣን ቁጥር ጫካ ነው። አንድም ቀን ተገናኝተው አያውቁም። ማንን ጎዳሁ?

ድንቅነሽ፦ ቆይ፣ ስለ ባሌ ሲጠይቁኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ስል አንተ ምን እያልክ ነበር የምታስተረጉመው?

ማስረሻ፦ «በሰማይ ቤት ደህና ነው» እያልኩ።

ድንቅነሽ፦ ኡኡ! ያቺ ረጅሟ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስትነፋረቅ፣ አገሯ ናፍቋት ነው ብዬ አብሬያት ነበር ያለቀስኩት! ለካ ባሌን በቁሙ እያስለቀስከኝ ኖሯል! አንተ ሟርተኛ!

ማስረሻ፦ ሟርት አይደለም፣ ወሬ ነው። ለማጣፈጫ ያህል ነው። ሰው ዛፍ ብቻ እያየ አራት ቀን አይሄድም።

ድንቅነሽ፦ ማጣፈጫ? አያትህ ጋዎ በምን ሞቱ?

ማስረሻ፦ እትዬ፣ እሱን ተይው።

ድንቅነሽ፦ አልተወውም! በምን ሞቱ?

ማስረሻ፦ ከዛፍ ወድቆ።

ድንቅነሽ፦ ከዛፍ ወድቀው! ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው! እኔ ከአድማሱ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ቀፎ ይዞ በወጣ ቁጥር እጄ እንሰት ይፍቃል፣ ጆሮዬ ጫካ ነው። እፈራለሁ! ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእሱም። አንተ ግን ታውቅ ነበር፤ እዚህ ቤት ነው ያደግከው፣ ስቅበጠበጥ ታየኝ ነበር። የምፈራውን ነገር ከሆዴ አውጥተህ ለመንገደኛ ሁሉ አደልከው! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ።

ማስረሻ፦ አጥፍቻለሁ። ከልቤ ነው፣ አጥፍቻለሁ። ግን የዛሬውን ብቻ አሳልፊኝ።

ድንቅነሽ፦ ደግሞ ግን አለው?

ማስረሻ፦ አለው! ዛሬ አብራቸው የመጣች አንዲት ሴትዮ አለች፤ አስጎብኚዎችን የምትመርጠው እሷ ናት። ውሸቴን ካወቀች በሚቀጥለው ዙር ሌላ ሰው ነው የሚመራቸው። ያን መንገድ እኮ በገጀራ የከፈትኩት እኔ ነኝ! የትኛው ምንጭ እንደሚደርቅ፣ ጎሽ የቱ ጋ እንደሚሻገር የማውቀው እኔ! ላንድ ቃል ብዬ ሁሉን ልጣ?

ድንቅነሽ፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ማስረሻ፦ እሺ፣ አንቺ እምቢ በይኝ። ጋሼን ጥሪልኝ፤ ራሴው እግሩ ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ። እሱ እንዳንቺ አይጨክንም። የት ነው ያለው?

ድንቅነሽ፦ የት ይሆናል? የገደልክበት ቦታ ነዋ!

ማስረሻ፦ ቀረሮው ጋ? ዛሬ?

ድንቅነሽ፦ ከማለዳ ጀምሮ። ሦስት ቀፎ በአህያ ጭኖ።

ማስረሻ፦ ከወዳጆ ጋር ነው አይደል?

ድንቅነሽ፦ ብቻውን።

ማስረሻ፦ ብቻውን ምን ማለት ነው? ያን ዛፍ ብቻውን የሚወጣ ሰው የለም! ከታች ገመዱን ማን ይዞለት ነው? ቀፎውን ማን ስቦለት?

ድንቅነሽ፦ ወዳጆ እምቢ አለዋ! «የሞት ወሬ በተቸነከረበት ግንድ ሥር አልቆምም። ዛሬ ያንተ ስም ተጻፈ፣ ነገ የኔ ይጻፋል» አለው። አሥራ ስምንት ዓመት ገመዱን የያዘለት ወዳጆ! አድማሱ ሌላ ሰው ፍለጋ መንደሩን ዞረ። አንዱ ወገቤን አለ፣ አንዱ ልጄ ታሟል አለ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ እንኳን ሲያየው በጓሮ በኩል ሾለከ። ንብ የሚወደው የገተማ ዛፍ ሊያብብ ሳምንት አልቀረው፤ ንብ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። «ቀፎውን በጀርባዬ አዝዬ እወጣለሁ» ብሎ ሄደ።

ማስረሻ፦ ዝም ብለሽ ለቀቅሽው?

ድንቅነሽ፦ እግሩን ይዤ ለመንኩት! ምን አለኝ መሰለህ? «አንዴ ሞቻለሁ፤ ደግሞ የሚሞት ማን አለ?» እያለ ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም ማስረሻ። ሰው ፊት ነስቶት ነው የሳቀው።

ማስረሻ፦ አብዷል እንዴ ይሄ ሰውዬ! በሃምሳ ስምንት ዓመቱ!

ድንቅነሽ፦ ጭራሽ አንተ ትጮህብኛለህ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ንቀኸው ነው እንጂ ስሙን ግንድ ላይ ትቸነክር ነበር? እኛን ንቀህ ነው!

ማስረሻ፦ አልናቅኩም!

ድንቅነሽ፦ ታዲያ ምን ይባላል?

ማስረሻ፦ እሺ ስሚኝ። ሰዎቹን እዚህ ላድርስና ወዲያው እሮጣለሁ። በአቋራጭ ግማሽ ሰዓት ነው። አንቺ ማሩን ታቀምሻቸዋለሽ፣ የእንሰቱን ሥራ ታሳያቸዋለሽ፤ እኔ ማንም ሳያየኝ ሹልክ ብዬ ደርሼ እመጣለሁ።

ድንቅነሽ፦ ካደረስካቸው በኋላ።

ማስረሻ፦ ምን ላድርግ ታዲያ?

ድንቅነሽ፦ ምንም። ጥሩ ነው። ማሩን አቀምሳቸዋለሁ። እስከዚያ እሱ ከወደቀ ደግሞ ለአንተ ምን ቀረህ? ውሸታም አትባል። ሰሌዳህም አይወርድ። ሴትዮዋም «ጎበዝ፣ እውነቱን ነው» ብላ ትመርጥሃለች።

ማስረሻ፦ እንዲህ አትበይኝ እትዬ!

ድንቅነሽ፦ ለምን አልልህም? አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትለው ቆይተህ የለ? እኔ አንዴ ብልህ ከበደህ?

ማስረሻ፦ አያቴን ያመጡበትን ቃሬዛ አይቻለሁ እኮ እኔ! እግሩ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ነበር። ረሳሁት መሰለሽ?

ድንቅነሽ፦ አልረሳህም። የከፋኝም እሱ ነው። የማያውቅ ሰው ቢያወራው ይቅር እለው ነበር።

ማስረሻ፦ በቃ። በቃ እሄዳለሁ። አሁኑኑ እሄዳለሁ። ግን ለብቻዬ ምን አደርጋለሁ? ቀፎውን የሚስብ ሌላ፣ እሱ የታሰረበትን ገመድ የሚይዝ ሌላ ነው። ቢያንስ ሦስት ሰው ይፈልጋል። ወዳጆ እምቢ ካለ ከየት አመጣለሁ?

ድንቅነሽ፦ ወንዝ ዳር ስምንት ሰው ጎልተህ የለም እንዴ?

ማስረሻ፦ ፈረንጆቹን?

ድንቅነሽ፦ እጅ የላቸውም? ሦስት ቀን ሙሉ ጭቃ ያቦኩት የገበሬ ሥራ እናያለን ብለው አይደል? ይኸው ሥራ! ይሳቡ! ሰሌዳውን ሲያዩ እንደ ወዳጆ አይሸሹም፤ ሲያለቅሱለት የከረሙ ናቸው።

ማስረሻ፦ ሴትዮዋም አለች እኮ እትዬ። ቀና ብለው ሲያዩት «ዛፉ ላይ ያለው ማነው?» ይሉኛል። ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?

ድንቅነሽ፦ ሟቹ ገመድ ያዥ አጥቷል በላቸው።